የመኪና ውድድር ጨዋታዎች እውነታውን ምን ያህል ይመስላሉ? ቴሌሜትሪ የሚገልጠውና የማይደርስበት

እንግሊዛዊው የቴሌቪዥን አቅራቢ ጄረሚ ክላርክሰን እ.አ.አ. በ2005 'ቶፕ ጊር' በተሰኘው ዝግጅት ላይ ቀላል የሚመስል ሙከራ አድርጎ ነበር። 'ግራን ቱሪዝሞ 4' በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ አንዲት ሆንዳ ኤንኤስኤክስ መኪናን በካሊፎርኒያው የላጉና ሴካ የውድድር መንገድ ላይ አሽከረከረ። ከዚያም ወደ ስፍራው ተጉዞ ያንኑ ዓይነት መኪና በዚያው መንገድ ላይ በእውን ነዳ።

በጨዋታው አንዱን ዙር የጨረሰው በ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ነበር። እውነተኛው መንገድ ላይ ግን 1 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ፈጀበት።

የሰከንድ ሽራፊ አሸናፊና ተሸናፊን በሚለይበት የመኪና ውድድር ውስጥ 16 ሰከንድ እጅግ ሰፊ ልዩነት ነው። ይሁንና ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይናገርም። ሰከንዶቹ የጠፉት የትኛው ኩርባ ላይ ነው? ጨዋታው ለጎማው ከሚገባው በላይ የመያዝ አቅም ሰጥቶት ይሆን? የመኪናው ፍሬን በሙቀት ደክሞ ነው? ወይስ ሰውየው ለሕይወቱ ሰግቶ ቀደም ብሎ ፍሬን ያዘ? ሰዓት ለእነዚህ ጥያቄዎች ምላሽ የለውም።

ምላሽ የሚፈለገው ከቴሌሜትሪ ነው።

ቃሉ የተገኘው 'ሩቅ' እና 'ልኬት' የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ነው። በመኪና ውድድር ውስጥ ቴሌሜትሪ ማለት መኪናው ላይ የተተከሉ መለኪያዎች ፍጥነትን፣ የሞተር ዙርን፣ ማርሽን፣ የነዳጅና የፍሬን ፔዳል አረጋገጥን፣ የመሪ አዟዟርን፣ የጎማ ሙቀትንና ሌሎችንም ነገሮች በየቅጽበቱ መዝግበው ለመሐንዲሶች የሚያቀብሉበት ዘዴ ነው። ፎርሙላ 1 ውስጥ ሥር የሰደደው በ1980ዎቹ ሲሆን፣ ዛሬ አንድ የፎርሙላ 1 መኪና 300 ገደማ ሴንሰሮችን ተሸክሞ በሰከንድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የመረጃ ነጥቦችን ያመነጫል።

ጨዋታዎቹም የራሳቸው ቴሌሜትሪ አላቸው። የፎርሙላ 1 ይፋዊ ጨዋታ በሰከንድ እስከ 60 ጊዜ መረጃውን በቤት ውስጥ ኔትወርክ አማካይነት ወደ ስልክ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይልካል። የጣሊያኑ ኩባንያ ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ የሠራው 'አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ' ደግሞ ዙሩን የሚመዘግበው 'ሞቴክ' የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ሶፍትዌር በሚያነበው ፋይል ነው። ይህ ሶፍትዌር እውነተኛ የውድድር ቡድኖች የሚገለገሉበት ነው። መኝታ ክፍሉ ውስጥ የሚጫወት ወጣት በአንድ የጂቲ ቡድን ጋራዥ ውስጥ ያለ መሐንዲስ የሚያየውን ዓይነት ግራፍ ሊያይ ይችላል ማለት ነው።

በሁለቱ መረጃዎች መካከል ግን መሠረታዊ ልዩነት አለ፤ ብዙ ጊዜም ይዘነጋል። እውነተኛው መኪና ይለካል፤ ጨዋታው ያሰላል። የመኪናው ሴንሰር ይሳሳታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት ያዛባዋል። ጨዋታው ግን ቁጥሩን ራሱ የፈጠረው በመሆኑ አይሳሳትም። እንዲያውም የትኛው ጎማ በምን ያህል ዲግሪ እንደተንሸራተተ ያሉ፣ በእውነተኛ መኪና ላይ ለመለካት እጅግ አስቸጋሪ የሆኑ ነገሮችን ሳይቀር አብጠርጥሮ ይናገራል። የግራፉ ጥራት ግን ስለ እውነተኛነቱ ምስክር አይሆንም። ፍጹም ንጹሕ መስመር ያለው ግራፍ ፍጹም ስህተት የሆነ ስሌት ውጤት ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ግራፎች ማነባበር

የንጽጽሩ መነሻ የፍጥነት ግራፍ ነው። ጀማሪዎች አግድም መስመሩ ላይ ጊዜን ያስቀምጣሉ። ይህ አያስኬድም፤ አንደኛው መኪና በጥቂቱ እንኳ ከቀደመ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። ባለሙያዎች በጊዜ ፈንታ ርቀትን ይጠቀማሉ። ከመነሻው መስመር 800 ሜትር ላይ እውነተኛው መኪና ስንት ይሄድ ነበር? የጨዋታውስ? እንዲህ ሲነባበሩ ሁለቱ መስመሮች የሚለያዩበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እያንዳንዱ የግራፉ ክፍል የሚናገረው ስለ ተለያየ ነገር ነው። ቀጥታው መንገድ ላይ ፍጥነቱ የሚወጣበት ሁኔታ ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ አየር መቋቋም ይመሰክራል። ቁልቁል የሚወርደው መስመር የፍሬኑንና የጎማውን አቅም ያሳያል። ኩርባው መሐል ያለው ዝቅተኛ ፍጥነት ደግሞ ጎማው ወደ ጎን ምን ያህል ቆንጥጦ እንደሚይዝ ይናገራል።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር በተለይ ጨዋታዎችን የማጋለጥ አቅም አለው። መኪና ሲታጠፍ ከጎማው የሚጠየቀው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ከኩርባው መሐል እስከ መኪናው መስመር ያለው ርቀት 50 ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚታጠፍ መኪና ወደ ጎን የሚያርፍበት ጫና ከመሬት ስበት 1.27 እጥፍ ገደማ ነው። ያው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከታጠፈ ጫናው ወደ 1.57 እጥፍ ያድጋል። በፍጥነት መለኪያው ላይ ኢምንት የምትመስለው የ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት 23 በመቶ ተጨማሪ የጎማ አቅም ትጠይቃለች ማለት ነው። ይህን ያህል ትርፍ አቅም የሚሰጥ ጨዋታ ሌላ ጎማ የፈለሰፈ ያህል ነው።

አንድ ጨዋታ ከእውነተኛው መኪና ጋር እኩል የዙር ሰዓት ማስመዝገቡ የእውነተኛነት ማረጋገጫ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጎማው ከልክ በላይ የሚይዝ፣ ሞተሩ ግን ከልክ በታች የደከመ መኪና ኩርባ ላይ ያተረፈውን ቀጥታው ላይ ያከስርና ድምሩ ልክ ይመጣል። ሁለት ስህተቶች ተጣፍተው ትክክለኛ ሰዓት ይወልዳሉ። በጨዋታ ማስታወቂያዎች ላይ 'የዙር ሰዓቱ ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው' የሚለው አባባል ሲነበብ ይህን ማስታወስ ይበጃል።

የማርሽና የሞተር ዙር ንጽጽር በአንጻሩ ብዙ አያከራክርም። በአንድ ማርሽ ላይ የሞተሩ ዙርና የመኪናው ፍጥነት የተቆራኙ ናቸው፤ ቁጥሮቹም በአብዛኛው የታወቁ ስለሆኑ ጨዋታዎች እዚህ ላይ እምብዛም አይሳሳቱም።

ፍሬን ላይ ግን ነገሩ ይረቅቃል። የፎርሙላ 1 መኪና ክንፎች በፍጥነት ሲሄድ አየሩን ተጠቅመው መኪናውን ወደ መሬት ይጫኑታል። በመሆኑም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር ፍሬን የተያዘ መኪና ከመሬት ስበት አምስት እጥፍ በሚደርስ ኃይል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲወርድ የአየሩ ጫናም ስለሚወርድ ጎማው ያን ኃይል መሸከም ያቅተዋል። አሽከርካሪው መጀመሪያ ላይ በሙሉ ጉልበቱ የረገጠውን ፔዳል ቀስ በቀስ ካልለቀቀ ጎማው ይቆለፋል። የእውነተኛ አሽከርካሪ የፍሬን ግራፍ እንደ ገደል ተነስቶ እንደ ተዳፋት የሚወርደው ለዚህ ነው። ፔዳሉን እስከ ኩርባው መግቢያ ድረስ ወለል ላይ ማጣበቅ የሚፈቅድ ጨዋታ፣ የአሽከርካሪ መርጃው ተዘግቶ ሳለ ከሆነ፣ አየሩን በቅጡ አላሰላም።

እንደ አዲስ አበባ የሳሳ አየር

አየርን ለመፈተን ከሜክሲኮ ሲቲ የውድድር መንገድ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው።

ውጤቱ ለተመልካች ግራ የሚያጋባ ነው። ቡድኖቹ ጫና ለማግኘት ሲሉ እንደ ሞናኮ ላለ ጠመዝማዛ መንገድ የሚጠቀሙባቸውን ትልልቅ ክንፎች ይገጥማሉ። ያም ሆኖ የሳሳው አየር መኪናውን እምብዛም ስለማይጋፋው ቀጥታው መንገድ ላይ የሚመዘገበው ፍጥነት ከፎርሙላ 1 ከፍተኛዎቹ መካከል ይመደባል፤ ፊንላንዳዊው ቫልተሪ ቦታስ እ.አ.አ. በ2016 እዚያ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት በርሯል። በአንጻሩ መኪናው ኩርባ ላይ ይዋልላል፤ ፍሬኑና ሞተሩ የሚያቀዘቅዛቸው በቂ አየር አያገኙም።

አንድን ጨዋታ በዚህ መመዘን አያስቸግርም። አንድ መኪና በአንድ ዓይነት የክንፍ አቀማመጥ መጀመሪያ ሜዳማው የጣሊያን ሞንዛ ላይ፣ ቀጥሎ ሜክሲኮ ላይ ይነዳል። ሁለቱ ግራፎች በቀጥታው መንገድ ላይ ስለ አየር መጋፋት ተመሳሳይ ነገር ከተናገሩ ጨዋታው ሜክሲኮን የሣለው በሥዕል ብቻ ነው። ሕንጻዎቹ፣ ተመልካቾቹና አስፋልቱ የሜክሲኮ ቢሆኑም አየሩ የሞንዛ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ጎማ ነው

መኪናን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት እያንዳንዳቸው የመዳፍ ያህል ስፋት ያላቸው አራት የጎማ ክፍሎች ናቸው። በዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኔዘርላንዳዊ ምሁር ሃንስ ፓሴይካ ስማቸው የሚነሳበት ቀመር የጎማን ባሕርይ በሒሳብ ለመግለጽ በስፋት ያገለግላል፤ ሰዎች 'አስማተኛው ቀመር' ይሉታል። እንደ ቀመሩ ከሆነ ጎማ በጥቂቱ ሲንሸራተት የመያዝ ኃይሉ ያድጋል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ያሽቆለቁላል።

እስከ ጫፉ ያለውን ባሕርይ በቤተ ሙከራ መለካት ይቻላል። ከጫፉ ወዲያ ያለው ነው ጣጣው። ጎማው በከባዱ ሲንሸራተት ይሞቃል፣ ይበላል፣ በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ጎማ ይሆናል። አንድ ጨዋታ የሚደነቀው ወይም የሚነቀፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ መኪናው ከቁጥጥር ሲወጣ በሚያሳየው ጠባይ ነው። ቴሌሜትሪው እዚህ ላይ የሚፈተሸው በመሪው ግራፍ ነው፦ የመኪናው ኋላ ሲሸሽ አሽከርካሪው መሪውን በተቃራኒው አቅጣጫ ምን ያህል አዞረ? ለምን ያህል ጊዜ? መኪናውስ ተመለሰለት?

እዚህ ላይ ለረጅም ዓመታት በተጫዋቾች ዘንድ የቆየ አንድ እምነት አለ፦ ጨዋታው የከበደ እንደሆነ እውነተኛ ነው የሚል። ምንጩ ምናልባት የ1967 የፎርሙላ 1 ዘመንን መሠረት አድርጎ እ.አ.አ. በ1998 የወጣው 'ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ' ሳይሆን አይቀርም። ጨዋታው ለጊዜው የሚደነቅ ነበር፤ ለጀማሪም ምሕረት የለሽ ነበር። ነገር ግን የእውነተኛ አሽከርካሪዎች ግራፍ መኪናው ሲንሸራተት ደጋግመው እንደሚይዙትና እንደሚመልሱት ያሳያል። በትንሽ ስህተት ሁሉ የሚሽከረከር መኪና ከእውነታው የራቀ የመሆን ዕድሉ ምንም ከማይንሸራተተው አያንስም። ክብደት እና እውነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እውነተኛው መረጃ ከየት ይመጣል?

የንጽጽሩ ትልቁ ማነቆ ጨዋታው ሳይሆን የእውነተኛው መኪና መረጃ ነው። ቡድኖች ቴሌሜትሪያቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል። ከፎርሙላ 1 ለሕዝብ የሚደርሰው ፍጥነትን፣ የሞተር ዙርን፣ ማርሽን፣ የነዳጅ ፔዳልንና ፍሬንን የመሰሉ ጥቂት ነገሮች ብቻ ነው። የሚመጣውም በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ይቻላል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 83 ሜትር ይጓዛል። በሁለት ተከታታይ የመረጃ ነጥቦች መካከል 20 ሜትር ገደማ ሄዷል። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመዘግበው ጨዋታ ግን በየአንድ ሜትር ተኩሉ ያህል አንድ ነጥብ አለው። ስለዚህ 'በጨዋታው አሥር ሜትር ዘግይቼ ፍሬን ያዝኩ' የሚል ንጽጽር ከሕዝባዊው መረጃ የማጉያ አቅም በላይ ነው። በዚያ ላይ ይፋ የሚወጣው የፍሬን መረጃ ፔዳሉ ተረግጧል ወይም አልተረገጠም ከማለት አያልፍም። ቀደም ሲል የተጠቀሰውን ፔዳሉን ቀስ በቀስ የመልቀቅ ጥበብ በዚህ መረጃ መመርመር አይቻልም።

ሌሎችም የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ፦ የነዳጁ ክብደት፣ የጎማው ዓይነትና ዕድሜ፣ የዕለቱ ሙቀት፣ የነፋሱ አቅጣጫ። እነዚህ ሳይታወቁ የሚደረግ ንጽጽር ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ አየር ሁኔታው ሊናገር ይችላል። አሽከርካሪውም ይለያያል። አንዱ ዘግይቶና አጥብቆ ፍሬን ይይዛል፣ ሌላው ቀደም ብሎና አለሳልሶ፤ ሁለቱም እኩል ይገባሉ።

የጃፓኑ ቶዮታ ይህን ክፍተት ከሌላ አቅጣጫ ለመሙላት ሞክሮ ነበር። '86' በተባለችው የስፖርት መኪናው ላይ የሚገጠም መሣሪያ አቅርቦ፣ ባለቤቱ በውድድር መንገድ ላይ የነዳውን ዙር መዝግቦ 'ግራን ቱሪዝሞ 6' ውስጥ መልሶ እንዲያየው አደረገ። የመሪው፣ የፔዳሎቹና የማርሹ እንቅስቃሴ ከእውነተኛው መኪና ወደ ጨዋታው ተሻገረ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ሌሎች መኪና አምራቾች በሰፊው አለመከተላቸው የሚያስቆጭ ነው።

የናይቫሻ አቧራ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለአስፋልት ይሠራል። ታዋቂ የውድድር መንገዶች በሌዘር ጨረር ተለክተው እያንዳንዱ ጉብታቸው ሳይቀር በጨዋታዎች ውስጥ ሰፍሯል። እ.አ.አ. በ2008 ለተጠቃሚዎች የቀረበው የአሜሪካው 'አይሬሲንግ' በዚህ ይታወቃል። መንገዱ አንድ ከሆነ ግራፎቹን ማነባበር ይቻላል።

የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ ግን ሌላ ዓለም ነው። እ.አ.አ. በ1953 የተጀመረውና ከ2002 በኋላ ከዓለም ራሊ ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 የተመለሰው ይህ ውድድር በኬንያ ናይቫሻ አካባቢ ይካሄዳል። መንገዱ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ፣ ድንጋይና ድንገተኛ ዝናብ የሚፈራረቁበት ነው። ቡድኖች ሞተሩ አቧራና ውኃ እንዳይስብ አየር መሳቢያውን በቧንቧ ወደ ጣሪያው ከፍ አድርገው ይገጥማሉ። ይኸው ውድድር በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ይፋዊ ጨዋታዎች ውስጥም ተካቷል።

እዚህ የትኛው ግራፍ ከየትኛው ጋር ይነባበራል? መጀመሪያ ያለፈው መኪና የነዳበት መንገድ አሥረኛው ከሚነዳበት ጋር አንድ አይደለም፤ በመካከሉ ጎማዎች ቦይ ቆፍረዋል፣ ድንጋይ ወጥቷል። የጨዋታ ራሊ መንገዶችም ብዙ ጊዜ የአካባቢውን መልክ መነሻ አድርገው የተሠሩ እንጂ ሜትር በሜትር የተገለበጡ አይደሉም።

የሚቀረው መንገድ ጠባይን ከጠባይ ጋር ማወዳደር ነው። ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ጥልቀት ይታመቃሉ? ጎማው የሚሽከረከርበት ፍጥነትና መኪናው በመሬት ላይ የሚሄድበት ፍጥነት ምን ያህል ይራራቃሉ? በላመ አቧራ ውስጥ ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል፤ ሁለቱ ቁጥሮች በሰፊው ይለያያሉ። በጨዋታው የኬንያ መንገድ ላይ የተመዘገበው ልዩነት በፊንላንድ ጠጠር ላይ ከተመዘገበው ጋር እኩል ከሆነ፣ ናይቫሻ ቀለሟ እንጂ አፈሯ ጨዋታው ውስጥ አልገባም።

ለምን ያስጨንቃል?

ይህ ሁሉ የጊዜ ማሳለፊያ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ የተጫዋቾች ሆኖ በቀረ ነበር። ግን አይደለም። ብሪታኒያዊው ጃን ማርደንቦሮ እ.አ.አ. በ2011 የ'ግራን ቱሪዝሞ' ተጫዋቾችን ውድድር አሸንፎ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌማን 24 ሰዓት ውድድር በምድቡ ሦስተኛ ሆኗል። የአገሩ ልጅ ጄምስ ባልድዊንም ከጨዋታ ተነስቶ እ.አ.አ. በ2020 የብሪታኒያ ጂቲ ሻምፒዮና የመጀመሪያ ውድድሩን አሸንፏል። በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማክስ ቨርስታፐን ደግሞ በግንቦት 2024 እ.አ.አ. የኢሞላን ግራንድ ፕሪ ባሸነፈበት የሳምንት መጨረሻ የኑርበርግሪንግ 24 ሰዓት የኮምፒውተር ውድድርን ከቡድን አጋሮቹ ጋር አሸንፏል።

የፎርሙላ 1 ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ በአፍሪካ ምድር የተካሄደው እ.አ.አ. በ1993 በደቡብ አፍሪካው ካያላሚ ነው። የልጆች የካርት ውድድር እንኳ ብዙ ገንዘብ በሚጠይቅበት ስፖርት ውስጥ፣ በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ ለሚገኝ ወጣት በጣም ቅርቡ የውድድር መንገድ ስክሪን ላይ ያለው ነው። መሪና ፔዳሉም በበኩላቸው ርካሽ አይደሉም። እንዲህ ያለው ወጣት የሰዓታት ልምምዱ እውነተኛ መኪና ላይ የሚሠራ ልማድ ይሁን አይሁን ማወቅ ይገባዋል። ጨዋታው የሚያስተምረው የመንገዱን ቅርጽ፣ የፍሬን መያዣ ቦታንና የማርሽ ቅደም ተከተልን ከሆነ ትርፉ ብዙ ነው። ፔዳሉን ወለል ላይ አጣብቆ ኩርባ መግባትን ካስለመደው ግን መኪና ላይ የወጣ ዕለት ሊሰበር ይችላል።

ቴሌሜትሪ የማይደርስበትም አለ። አንገት ላይ የሚያርፈውን ጫና፣ በመቀመጫው በኩል ወደ ወገብ የሚደርሰውን የመንሸራተት ስሜት፣ ግድግዳው ሲቃረብ የሚመጣውን ፍርሃት ግራፍ አይዘውም። አሽከርካሪዎች መኪናው መንሸራተት መጀመሩን በአብዛኛው የሚያውቁት በሰውነታቸው ነው፤ ተጫዋቹ ግን በዓይኑና በመሪው ንዝረት ብቻ ይመራል። ስለዚህም የጨዋታው ስሌት ትክክል ሆኖ ሳለ የተጫዋቹ የመሪ ግራፍ ከእውነተኛው አሽከርካሪ የዘገየ ሊሆን ይችላል።

የፎርሙላ 1 ቡድኖች ራሳቸው ከዚህ ችግር አላመለጡም። እ.አ.አ. በ2009 በውድድር ዘመን መካከል የሚደረግ የመንገድ ሙከራ ከተከለከለ ወዲህ ሥራቸውን ውድ በሆኑ ሲሙሌተሮች ላይ ጥለዋል፤ እነዚህም የሚመገቡት ከማንም ያልተደበቀባቸውን የራሳቸውን መኪና ሙሉ መረጃ ነው። ሆኖም ዓርብ ዕለት ልምምዱ ሲያበቃ መሐንዲሶቹ ከመንገዱ የመጣውን ቴሌሜትሪ ሲሙሌተሩ ቀድሞ ከተነበየው ጋር ያነባብራሉ። መስመሮቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ በዋናው መሥሪያ ቤት ያለ ሌላ አሽከርካሪ ሌሊቱን ሲሙሌተሩ ላይ ያድራል፤ የመኪናው አቀማመጥም ከቅዳሜው የማጣሪያ ውድድር በፊት በአዲሱ ውጤት መሠረት ይቀየራል።